ባሕሩ ይቀርበናል

በአሮጌው ሐዲድ ከድሬዳዋ ጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በገበያ ሰፈሩ በቀፊራ ያደገ የድሬዳዋ ልጅ ይህን ሒሳብ ትምህርት ቤት አልተማረውም። ጅቡቲ ላይ ጠዋት የጨርቅ ዋጋ ከጨመረ ማታውን እናቴ መደብ ላይ ይወራል፤ የአዲስ አበባ ወሬ ሰንብቶ ነበር የሚደርሰን።

እናቴ ገበያው ውስጥ፣ ከቅስቱ በር ገባ ብሎ፣ ትንሽ መደብ ነበራት። የጣሳ ወተት፣ ቴምር፣ ፓስታ፣ ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ድሪያ፣ አንዳንዴም በዘይት የታሸገ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ሁሉም ባሕር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በባቡር የመጣ ነው። ከፊሉ ቀረጥ ተከፍሎበት ይገባል፤ ከፊሉ ደግሞ በሴቶች ወገብ ላይ ተጠምጥሞ። ግቢያችን ውስጥ ይኖሩ የነበሩት እትዬ በዚህ ሥራ ልጆች አሳድገዋል። ሲሄዱ ቀጭን ናቸው፣ ሲመለሱ ወፍራም። ቤታቸው ገብተው በሩን ዘግተው ጨርቁን ከገላቸው ላይ ሲፈቱት እኛ ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ እናያቸው ነበር። የማያልቅ ጨርቅ ነበር፤ አበባ ያለው፣ ወርቅማ ጠርዝ ያለው፣ ላብና ሽቶ የሚሸት።

እትዬ ጅቡቲን ጓዳ ጎድጓዳዋን ያውቃሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ባሕሩ ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

«ምን አውቄ ልጄ! ዳር ሆኜ ዕቃዬን እጠብቃለሁ እንጂ መች ገብቼ አየሁት!» አሉኝ።

መልሳቸው ከእኔ ጋር አብሮ አደገ። ከባሕር በላን፣ ከባሕር ለበስን፣ ስለ ባሕሩ ግን የጠየቅነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወደቡን በር ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ማለዳ ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡት የሶማሌ እናቶች የወተት ዕቃቸው በዛጎል ያጌጠ ነው። እናቴ ወተቱን ስታስለካ እኔ ዛጎሉን በጣቴ እነካካ ነበር። ጀርባው ልስልስ ነው፤ ሆዱ ላይ ግን ስንጥቅ አለው፣ ስንጥቁም ግራና ቀኝ ጥርስ አለው። ድንጋይ ነው ብዬ አምን ነበር። አንዷ እናት «በሕይወት የነበረ ነው፤ ባሕር ውስጥ ይሄድ ነበር» ስትለኝ ሳቅሁባት። ድንጋይ የሚሄድበት አገር እንዴት ያለ ነው?

የድሬ ልጅ ውኃን የሚያውቀው ወይ ጠፍቶ ወይ ገድሎ ነው። ከተማችንን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍላት ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ይሸጥበታል። ወንዝ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ራሱ ያስታውሳል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ አስታወሰን። እሑድ ሊነጋ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከሩቅ የከባድ መኪና ጉዞ መሰለኝ፣ ከዚያ ብዙ መኪና መሰለኝ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት ተቀላቀለበት። አባቴ በር እንዳንከፍት ከለከለን። በነጋታው ስንወጣ ደቻቱ ዳር የነበሩ ቤቶች የቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር። ጭቃው በየግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት በላይ መስመር አስምሯል። ፍራሽ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ወንዶች አሸዋውን በአካፋ እየቆፈሩ ነበር፤ ምን እንደሚፈልጉ ለማንም መናገር አላስፈለጋቸውም። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ቤት ተረፈ። ከእኛ ዝቅ ብለው የነበሩት ጎረቤቶቻችን አልተረፉም፤ ከልጆቻቸው አንዷ የክፍሌ ልጅ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ደመና ባየች ቁጥር ሌሊት አትተኛም። እኔም የቧንቧ ውኃ በኃይል ሲወርድ እንኳን ልቤ ይመታል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከጅቡቲ ደውሎ «ጥር ላይ ነይ፤ ባሕር ውስጥ አስገባሻለሁ» ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወደቡ ላይ ይሠራል፤ በዕረፍት ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሙሻ ደሴት እየሄደ መጥለቅ ተምሯል። «ከቀፊራ ማንም ገብቶ አያውቅም፤ አንቺ ግቢና ንገሪን» አለ። የእትዬን መልስ ለእሱም ነግሬው ነበር። በደካማ ጎኔ ያዘኝ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ተሳፈርኩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ድሮው ከለገሃር አይነሳም፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሺኒሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን አልፈን ድንበር ተሻገርን። መልክዓ ምድሩ ጥቁር ድንጋይና እሾህ ነው፤ አንዳንዴ ፍየል፣ አንዳንዴ ግመል። እትዬ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል እያልኩ በመስኮት አየሁ። ስለ ጉዞው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ነበርና።

ሙሻና ጎረቤቷ ማስካሊ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያሉ ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች ናቸው። የጀልባዋ ሹፌር ሽማግሌ ሶማሌ ነበር፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ። ከአክስቴ ልጅ ጋር በአማርኛ ስናወራ ሰምቶ ዞር አለ።

«አቦ፣ የድሬ ሰው ነሽ?»

«አዎ፣ የቀፊራ።»

«ወላሂ! እኔን እኮ የቀፊራ ጣፋጭ፣ ሙሽበክ ነው ያሳደገኝ!»

የጅቡቲ ሙቀት ሲፋጅ ቤተሰቡ በየዓመቱ ድሬ ይመጣ ነበር፤ አማርኛውን የለመደው እዚያ ነው። እኔ የባሕሩን ሰው ፈልጌ ብሄድ የባሕሩ ሰው ቀፊራን ከእኔ እኩል ያውቃል። ስለ ገበያው ቅስት፣ ስለ ሐላዋው፣ ከእነማን ሱቅ ቀጥሎ ማን እንደነበረ እየጠየቀኝ ከባሕሩ ዳር ራቅን።

አሠልጣኙ ወጣት ጅቡቲያዊ ነው። የሚናገረው ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ ሲሆን የአክስቴ ልጅና ሽማግሌው እየተቀባበሉ ወደ አማርኛ ይመልሱልኛል። መጀመሪያ ያስተካከለልኝ ብዙ ሰው የሚያስበውን ነገር ነው፤ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር ኦክስጅን አይደለም። እኔና አንተ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ ከከባቢ አየር ግፊት ወደ 200 እጥፍ ታምቆ የተሞላ። አፍ ውስጥ የሚገባው ሬጉሌተር ያንን ግፊት ቀንሶ ሳንባ በሚችለው መጠን ይሰጣል። የዛሬው መሣሪያ መሠረት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን ባደረጉት ሙከራ ነው። ከዚያ በፊት ከዚህ ብዙም በማይርቀው በቀይ ባሕር ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ ሰዎች ባንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚወርዱት።

ቀጥሎ የመጣው ሕግ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ትንፋሽ አይያዝም። በየ10 ሜትሩ የውኃው ግፊት አንድ የከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ሳንባህን ሞልተህ ትንፋሽህን ይዘህ ብትወጣ፣ ላይ ስትደርስ ያው አየር እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም። ጆሮም የራሱ ሥርዓት አለው። ሳያምህ በፊት አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ እፍ ትላለህ፤ ካመመህ ትቆማለህ፣ ትንሽ ከፍ ትላለህ፣ እንደገና ትሞክራለህ። በግድ የሚወርድ ሰው የጆሮ ታምቡሩን ይጎዳል። ምልክቶቹን ለማጥናት ጊዜ ወሰደብኝ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት ባሕር ውስጥ «ጎበዝ» ሳይሆን «ልውጣ» ማለት ነው። ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይገጥማሉ። ያልሠለጠነ ሰው ከአሠልጣኝ ጋር ቢሆን እንኳ ከ12 ሜትር በታች አይወርድም። እኔን ከዚያም ባነሰ ጥልቀት ነው የሚወስደኝ።

መነጽሩን ለማለማመድ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ አንበረከከኝና ትንሽ ውኃ አስገባበት። ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። ውኃው ዓይኔን ሲነካው የ1998ቱ ሌሊት ተመልሶ መጣ፤ ድምፁ፣ ጨለማው፣ አባቴ በሩን ደግፎ መቆሙ። ተነሥቼ ቆምኩ፣ ሬጉሌተሩን ተፋሁት፣ አለቀስኩ። ወጣቱ ምንም አላለም። ሽማግሌው ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ «ደቻቱ ነው?» አለኝ። ነገሩን ማወቁ አስደነገጠኝ። በዚያ ጎርፍ እሱም የሚያውቀው ሰው አልቆበታል። «እህቴ፣ ጎርፍ ሰው አይጠብቅም። ይሄ ግን ይጠብቅሻል። ቀስ በይ።»

ጠበቀኝ። ውኃውን ከመነጽር ማስወጣት ቀላል ነገር ነው፤ ቀና ብለህ የላይኛውን ጠርዝ ጫን ትለውና በአፍንጫህ አየር ታስወጣለህ፣ ውኃው በታች በኩል ይወጣል። ሳደርገው፣ ዓይኔ ሲጠራ፣ ደግሜ ደጋግሜ ሳደርገው፣ ልቤ ተመለሰ። የጎማውን ልብስ እንደገና አስተካከሉልኝ፣ የእርሳሱን ቀበቶ አጠበቁልኝ፣ የጀልባዋን ገመድ አስያዙኝ። ወረድኩ።

የመጀመሪያው ነገር የራሴ ትንፋሽ ነበር። ሳስገባ ይፏጫል፣ ሳስወጣ አረፋው በጆሮዬ አጠገብ እየተንፎለፎለ ያልፋል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ራሴን ስተነፍስ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሌላ ድምፅ ለየሁ፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣ፣ ጥሬ ገብስ ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚያሰማውን ዓይነት መንጣጣት። ጥቃቅን ሽሪምፖች ናቸው አሉኝ በኋላ። ከየት እንደሚመጣ ግን መለየት አልቻልኩም፤ ድምፅ ውኃ ውስጥ ከአየር ላይ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ለሁለቱም ጆሮ ባንዴ ነው የሚደርሰው። ጆሮዬን እየከፈትኩ፣ እጄን በገመዱ ላይ እያንሸራተትኩ ወረድኩ።

ሂናዬን ያየሁት እዚያ ነው። ለጉዞው ብዬ ጣቶቼን ተቀብቼ ነበር፤ ጀልባዋ ላይ ቀይ ነበሩ። ገመዱን የያዘውን እጄን ሳየው ጥፍሮቼ ጠቁረዋል። ውኃ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ነው ቀድሞ የሚውጠው፤ ጥቂት ሜትር ላይ ቀይ የተባለ ነገር ሁሉ ቡናማና ጥቁር ይሆናል። አሠልጣኙ ግራ መጋባቴን አይቶ ባትሪውን እጄ ላይ አበራ። ሂናው ከነመልኩ ተመለሰ። ባትሪውን ወደ ኮራሉ ሲያዞረው ደግሞ ሰማያዊና ግራጫ መስሎኝ የነበረው አለት ብርቱካን፣ ሐምራዊ፣ የሮማን ቀይ ሆነ። ያ ሁሉ ቀለም ብርሃን ሳይደርሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ እንስሳ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ጎን ለጎን ተጣብቀው ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየሳቡ ቤታቸውን ይሠራሉ። አንዱ የአጋዘን ቀንድ ይመስላል፣ ሌላው ክብና ሸንተረራም ነው፣ ሌላው እንደ ገበታ ተዘርግቷል። ከክቦቹ ብዙዎቹ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይጨምሩ ይችላሉ። ቁመቴን የሚያህል ኮራል ፊት ቆሜ ነበር፤ የድሬ ባቡር ከመምጣቱ በፊት መሠረቱን ጥሏል ማለት ነው። ከባሕር ወለል ከአንድ በመቶ ያነሰውን ቦታ ይዘው ከባሕር ፍጥረታት ወደ ሩብ የሚጠጋውን የሚያኖሩት እነዚህ አለቶች ናቸው። ቢራቢሮ ዓሣዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልፋሉ። ነጭ ቀለበት ያላት ትንሽ ዓሣ፣ ልጆች ከፊልሙ የተነሣ ኒሞ የሚሏት ዓይነት፣ ከመርዛማው የባሕር አበባ ውስጥ ወጥታ መነጽሬን ልታባርር መጣች። ከጣቴ ብዙም አትበልጥም፤ ቤቷን ግን ትጠብቃለች።

ከዚያ በቀቀን ዓሣው መጣ። አረንጓዴና ሐምራዊ ነው፣ አፉ የወፍ ምንቃር። ኮራሉን ሲነክሰው ቅርጭጭ ሲል ሰማሁት። የሚፈልገው በላዩ የበቀለውን አልጌ ነው፤ ድንጋዩን ግን አብሮ ይፈጨዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ከኋላው ነጭ ደመና ለቀቀ። አሸዋ ነው። ትላልቆቹ በዓመት ከመቶ ኪሎ በላይ አሸዋ ይወጣቸዋል፤ የሙሻ ነጭ ዳርቻ ከፊሉ በዚህ የተሠራ ነው። እኔ አሸዋን የማውቀው በደቻቱ ነው፤ ጎርፍ ከተራራ ቀጥቅጦ ያመጣው፣ ጎረቤቶቼን የቀበረ። እዚህ ደግሞ አንድ ዓሣ ምሳውን እየበላ በእርጋታ አሸዋ ይሠራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብዙ ቆሜ አየሁት።

ልንመለስ ስንል አሠልጣኙ ክንዴን ነካ አድርጎ ወደ አንድ አለት ሥር ጠቆመኝ። በባትሪው ብርሃን ውስጥ ጥቁር፣ ነጠብጣብ፣ ፀጉር ያለው የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ጥቂት ቆየና ያ ጥቁር ሥጋ ከግራና ከቀኝ ቀስ እያለ ተከፈለ፤ ወደ ሥር ገባ። ከውስጡ የወጣው ጀርባ ልስልስ፣ የሚያበራ ነበር። ዛጎል! የወተቱ ዕቃ ዛጎል! እንስሳው በሕይወት ሳለ ቅርፊቱን ከውጭ በሥጋው ሸፍኖ ይኖራል፤ ያ ልስላሴ ከዚያ የመጣ ነው፣ ማንም አልወለወለውም። ወተት ሻጯ እናት እውነቷን ነበር። እጄን ልሰድ ቃጣኝ፤ አሠልጣኙ ጣቱን አወዛወዘ። ባሕር ውስጥ አይነካም። ዛጎሉ ሥጋውን መልሶ ለበሰና ወደ ጨለማው ፈቀቅ አለ።

ይሄዳል።

ጀልባዋ ላይ ሻይና ሳምቡሳ ጠበቀን። ሽማግሌው የቀድሞውን ኮራል አታውቁትም ብሎ ስለ እኛ አዘነ። ኮራልን የሚጎዳው አንዱ ሙቀት ነው፤ ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን፣ ምግብም ቀለምም የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያባርራል፤ ያን ጊዜ ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ያገግማል፣ ካላለፈ ይሞታል። ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024፣ የዘርፉ ሳይንቲስቶች በዓለም ዙሪያ አራተኛው ሰፊ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታውቀዋል። ዜናውን ሳነብ ያች ቤቷን የምትጠብቅ ዓሣ ትዝ አለችኝ።

ሽማግሌው ሌላም ነገር አሳየኝ። በመቅዘፊያው አንድ ፌስታል ከውኃው አወጣ፤ የጫት ፌስታል ነው። ጫቱ ከእኛ ደጋ፣ ከአወዳይ ወገን፣ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ፌስታሉ ኮራል ላይ ከተጠመጠመ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ኤሊ ከበላው ይገድለዋል። ባሕሩ ለእኛ ከላከልን ብዙ ነገር አንጻር እኛ ለእሱ የምንልክለት ይህ መሆኑ ያሳፍራል፤ ይህን ስናገር ጫት ቃሚን ብቻ አይደለም፣ ፌስታል የሚጥለውን ሁላችንንም ነው።

አሠልጣኙ «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለኝ። ማታውን ባቡር ካለ ልሳፈር ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ጠልቀህ ስትተነፍስ ደም ውስጥ ከወትሮው የበለጠ ናይትሮጅን ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሳይወጣ ከፍታ ቦታ ላይ ከወጣህ እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ከባሰም ያሽመደምዳል። ሰው ይህን ጥንቃቄ የሚያውቀው ለአውሮፕላን ነው። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ለጠላቂ ባቡሩም አውሮፕላን ነው። አንዴ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለደጋገመ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ጅቡቲ አደርኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ «ፈራሽ?» አለችኝ። «ፈራሁ፤ ከዚያ ተወኝ» አልኳት። ብዙ አልጠየቀችኝም። ያን ማታ ግን ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ ክፍሌ ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን እየጠራን አወራን። ከጎርፉ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የእነዚያ ልጆች ስም አይነሣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የከተማዬን ድንጋይ ማየት ጀመርኩ። በድሬ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች ብዙዎቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህን አገር ሸፍኖት በነበረ ባሕር ሥር፣ ከባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና አጥንት የተከማቸ። በጣሊያን ዘመን የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካችን ሲፈጭ የኖረው ይህንኑ ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያ የተገኘበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተፈለፈለው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዋሻውን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ፣ በአንድ እግሩ ድሬ፣ በሌላው ቀይ ባሕር ላይ የነበረ ሰው ነው፤ የዕንቁ ነጋዴ፣ የጀልባ ሰው፣ ስለ ቀይ ባሕር መጻሕፍት ጽፎ ስሙን የተከለ። ከድሬ ወደ ባሕሩ አንድ እግር መንገድ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ ያወቀው እንግዳ ነው። ያስቆጨኛል።

አሁን አሁን በአገራችን ስለ ባሕር የማይናገር የለም። የሚነገረው ግን ስለ ወደብ ነው፤ ስለ ኮንቴነር፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ቶን። ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ እንደሚያልፍ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ይህ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን አልክድም፤ የእናቴ መደብ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ባሕር ዕቃ የሚሻገርበት ሜዳ ብቻ አይደለም። ሥሩ ነዋሪ አለው። ነዋሪውን ሳናውቅ ጎረቤት ነን ማለት አንችልም። የድሬ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን ወደ ሐረር ግንብ እንደሚወስዱ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ሙሻ ቢወስዷቸው ምኞቴ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋና ይማሩ፤ ደቻቱ ዳር የሚያድግ ልጅ ዋና አለማወቁ ለባሕር ብቻ የሚያሳስብ አይደለም።

መሄድ የምትፈልጉ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ የሚታየው በእነዚህ ወራት ነው። አስም፣ የጆሮ ሕመም ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ጉንፋን ከያዛችሁ ቀኑን አዛውሩት። ምንም አትንኩ፣ ምንም አትጣሉ፣ ዛጎል ይዛችሁ አትምጡ። ከጠለቃችሁ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ድሬ አትሳፈሩ፤ አንድ ሌሊት ጅቡቲ እደሩ።